ማን እንደሞተብኝ ሳላውቅ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ጉዳዬ በታየበት ቀን ማለዳ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ አቤቱታዬን ከሀ እስከ ፐ ለተሳሳተ ሰው ማቅረብ ነበር።

መያዜን የሚመረምረው ቦርድ የሚሰየመው በአእምሮ ሕሙማን ዎርዱ ጫፍ ባለችው፣ በሽተኞች ወረቀት እየቆረጡ አበባ በሚሠሩባት ክፍል ነው ተብያለሁ። የተቀጠርኩት ለጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ችሎት ማርፈድ ነውር ነው ብዬ እኔ በሦስት ሰዓት ተገኘሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሽበታም ሰው እጆቹን አጣምሮ ተቀምጧል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ፓርኪንግ ስሠራ «ስንት ሰዓት ይቆያሉ?» ለማለት የተማርኳትን እንግሊዝኛ አሟጥጬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እብድ አለመሆኔን፣ ከዘመዶቼ አንዱ ሞቶ እንደተደበቀብኝ፣ የደበቀኝም ያስያዘኝም አብሮ አደጌ ያህል የምቆጥረው ጓደኛዬ መሆኑን። ሰውየው አላቋረጠኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን አላየም። ስጨርስ ትንሽ አሰበና፣

«ሰምቼሃለሁ። ነፃ ነህ፣ ሂድ» አለኝ።

እጁን ልስም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ ዋናው በር ስገሰግስ ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማን ለቀቀህ?»

«ዳኛው።»

ተከትላኝ መጣችና ወደ ክፍሏ አየት አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ዳኛዬ የአሥራ ሁለት ቁጥር በሽተኛ ነበር። የእሱ ጉዳይ የሚታየው ከኔ በኋላ፣ በስምንት ሰዓት ነው። ሱፉንም የለበሰው ለዚያ ነው።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«አልዋሸሁም። እኔ ቦርድ ብሆን ኖሮ እለቅህ ነበር።» ቀጥሎ ወንበር ሳበልኝ። «በል፣ አሁን ደግሞ የኔን ስማ።»

በኮሪደሩ ሰዎች ሲመጡ ይሰማ ነበር። «የኔ ጉዳይ ይለቅና እሰማሃለሁ» አልኩት።

«ቃል?»

«ቃል።»

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ደግሞ ይኸውላችሁ።

ደሴ ታላቅ እህት ነበረችኝ። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ቀድማ ስለሄደች ጥፊውንም ጉርሻውንም ያገኘሁት ከእሷ ነው። በወር አንድ እሁድ እደውልላታለሁ። «አለሽ?» እላለሁ፤ «አለሁ፣ አንተ ቀጣፊ» ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ሁሉ ጭማሪ ነው። አንድ እሁድ ስልኩን የጎረቤት ልጅ አነሳችና «ጠበል ሄደዋል» አለችኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፤ ጠበል። በሦስተኛውም ሳምንት፣ ጠበል። እህቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሴት ናት። በየትኛው እግሯ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ጠበል ለጠበል የምትዞረው?

ያኔ ስልሳን እያንኳኳሁ ነበር። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከዚያ ካስያዘኝ ጓደኛዬ ጋር ነበር የምኖረው። እሱ ታክሲ ይነዳል። ካርቱም ነው የተገናኘነው፤ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙቀቱን ሸሽተን አንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተኝተናል። ከዚያ ወዲህ የምንምለው በዚያ ጣሪያ ነው። «የካርቱሙ ጣሪያ!» ከተባለ አለቀ፣ ያ ነገር እውነት ነው።

በዚያ ሰሞን ግን ስገባ ስልኩን ቶሎ ይዘጋል። ዳንፎርዝ መንገድ ያለችው የሐበሻ ግሮሰሪ ስደርስ ወሬው ይቆማል። ከዚያም የባሰው፣ ሰው ሁሉ ድንገት አክባሪዬ ሆነ። አንዱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሌላው ያለወትሮው «እንዴት ነህ፣ ጤናህስ?» ብሎ እጄን ይዞ ቆየ። እኔ መከበር ያልለመደብኝ ሰው ነኝ፤ እዚህ ነገር አለ አልኩ።

ነገሩን አውቀዋለሁ፣ እኔም በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በበዓል አይነገርም። ማለዳ፣ ሰውየው ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን አንኳኩተው ነው። አገር ቤት ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ሦስት ሽማግሌ ባንድ እሁድ ጠዋት ከሥራ ነፃ ሆነው የሚገኙት ምጽአት ሲቃረብ ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ጠየቅሁት።

«እትዬ ሞታለች?»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶሃል? ጠበል ናት አሉህ እኮ።»

«ማልልኝ።»

«በምን ልማልልህ?»

«በምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«የካርቱሙ ጣሪያ!» አለኝ፤ ሳይንተባተብ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ወይ እህቴ አለች፣ ወይ ጓደኛ የለኝም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አልተቻለም።

ሲነጋ ይሄ ተንኮለኛ ጭንቅላቴ አንድ ብልሃት አመጣ። እነሱ ካልነገሩኝ እኔ ልቅደማቸው! ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ጥቁር ሹራብ ለበስኩ፣ ፍራሼን አውርጄ ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋሁና ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስሌቴ እንዲህ ነበር፤ ለቅሶ ከተቀመጥኩ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ «እግዜር ያጽናህ» ይላል፤ «እግዜር ያጽናህ» ካለ ደግሞ የሟቹ ስም ከአፉ ማምለጡ አይቀርም። ብልጥ ነኝ አይደል? የመጣው ሰው ግን የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐር የሚሉት ብቻ ነው፤ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ጩኸት ሰማሁ ብላ ልካው። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ ማንም ስላልመጣ አልበላሁም። የደም ግፊቴንም ኪኒን ተውኩት። ለተንኮል የጀመርኩት ልቅሶም በሁለተኛው ቀን የእውነት ሆነብኝ። ማንን እንደማለቅስ ሳላውቅ እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ይወጣል፣ ይገባል፣ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። 

በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሄደ።

የአገሩ ሕግ ይፈቅዳል። ማንም ሰው የሰላም ዳኛ በሚሏቸው ፊት ቀርቦ፣ እጁን አንሥቶ «ይህ ሰው አእምሮው ታሟል፣ በራሱ ላይ ጉዳት ያደርሳል» ብሎ በዓይኑ ያየውን ከማለ፣ ዳኛው ፖሊስ ልኮ ሐኪም እንዲመረምረው ማዘዝ ይችላል። ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ የጫማዬን ክር እስክቋጥር ቆመው ጠበቁኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ክሩን መልሰው ወሰዱት።

ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ አስተርጓሚ አልተገኘም። ማን አስተረጎመልኝ? እሱው!

«ማን ነው የሞተብህ?» አለኝ ሐኪሙ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ የምታለቅሰው ለማን ነው?»

«እሱን ጠይቁት» ብዬ ወደ ጓደኛዬ ጠቆምኩ።

«አላውቅም» ያልኩት በደንብ ተተረጎመ። «እሱን ጠይቁት» የምትለዋ ግን መንገድ ላይ ቀረች። ይህን ለማወቅ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። በመጀመሪያው ወረቀት ሰባ ሁለት ሰዓት ያዙኝ፤ በሁለተኛው ደግሞ ሁለት ሳምንት።

ሁለተኛው ወረቀት በተፈረመ ማግስት አንዲት ሴት አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመብት አማካሪ ነኝ አለች። ሰው በግድ ሲያዝ መጥቶ መብቱን መንገር ግዴታዋ ነው። ጣቷን መስመር በመስመር ወረቀቱ ላይ እያስኬደች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መያዜን መቃወም እችላለሁ። ካመለከትኩ ሦስት ሰዎች ያሉበት ቦርድ በሰባት ቀን ውስጥ መሰየም አለበት። እብድ አለመሆኔን የማስረዳው እኔ አይደለሁም፤ መያዝ እንዳለብኝ ማስረዳት የሐኪሙ ፋንታ ነው። አስተርጓሚም ይመጣል፤ ቃለ መሐላ የገባ፣ ዘመድ ያልሆነ። ጠበቃም እናቆምልህ አለችኝ። ምላስ አለኝ አልኳት። እዚህ ያደረሰኝ ምላሴ መሆኑን ረስቼ።

«ቦርዱ እህቴ ትሙት ትኑር ሊነግረኝ ይችላል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይችልም» አለች። «የተያዝከው በሕግ አግባብ ነው ወይስ አይደለም፤ ሥልጣኑ እሱን መወሰን ብቻ ነው።»

ፈረምኩ። እኔ የምፈልገው መውጣት ብቻ አልነበረም። ጓደኛዬ ስለማለው ነገር ሰው ፊት ቆሞ እንዲጠየቅ ፈለግሁ።

እንግዲህ ወደዚያች አበባ መሥሪያ ክፍል እንመለስ፤ ሱፍ የለበሰውን ዳኛዬን ነርሷ ይዛው ሄዳለች። ትክክለኞቹ ሦስቱ ገቡ። ሰብሳቢዋ የሕግ ባለሙያ ናት። ከቀኟ ከሌላ ሆስፒታል የመጣ የአእምሮ ሐኪም። ከግራዋ ሕግም ሕክምናም ያላጠና፣ እጀ ትልልቅ፣ የጎረቤት አባወራ የሚመስል ሰው፤ ሕጉ እንዲህ ዓይነት ሰውም ይኑርበት ይላል። ሦስቱም ተራ ልብስ ነው የለበሱት፤ ክራባት ያሠረ እንኳ የለም። የእኔ ሐኪም በአንድ በኩል ተቀመጠ፣ ምስክሩ ጓደኛዬ ከጎኑ። ከእኔ አጠገብ አስተርጓሚዋ፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ከኖርዝ ዮርክ በሁለት አውቶቡስ የመጣች።

«አባባ፣ በዚህ ክፍል የተባለውን ሁሉ እነግርዎታለሁ። እርስዎ የሚሉትንም ሁሉ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

«ብትቀንሽልኝ ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ» አልኳት። እሱንም ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ አፌን ጠበቅ አደረግሁ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያሰማኸውን ነው የሚሰማው። አልበላም፣ መድኃኒቱን አቁሟል፣ ደም ግፊቱ አደገኛ ነው አለ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ሐኪሙ፣ ጓደኛዬ ፍርድ ቤት የማለበትን ወረቀት አነበበ። ልጅቷ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«‹ሰው ሞቶ ደብቀነዋል ብሎ ያምናል። ከእሱ የተደበቀ ምንም ነገር የለም› ይላል፣ አባባ።»

ጓደኛዬን አየሁት። እሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የወረቀት አበቦች ያያል።

ተራው የኔ ሆነ። እህቴ ለሦስት እሁድ ስልክ እንዳላነሳች፣ ሰው ሁሉ እንዳከበረኝ ተናገርኩ። የቦርዱ ሐኪም በትሕትና፣ «እየደበቁህ ለመሆኑ ማስረጃ አለህ?» አለኝ።

«ግሮሰሪው ውስጥ ወንበር ለቀቁልኝ።»

ይህ ሲተረጎም ሦስቱ ተያዩ። እጀ ትልልቁ ሰውዬ እንኳ አዘነልኝ። ልጅቷ ግን ብዕሯን አቆመች። ዓይኗ ከእኔ ወደ ጓደኛዬ ሄደ፣ ተመለሰ። እሷ ገብቷታል። መርዶ ያልተነገረው ሰው እንዴት እንደሚያዝ ማን ሐበሻ ያጣዋል? ቃሏ ግን የተባለውን እንድትናገር እንጂ የገባትን እንድትናገር አይፈቅድላትም።

ነገሩ እያለቀብኝ እንደሆነ አወቅሁ። ጓደኛዬም ያወቀ ይመስለኛል፤ ፊቴን ሲያይ አንጀቱ አልችል አለው። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወንድሜ፣ በናትህ እስከ እሁድ ብቻ ታገሥ። እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አለኝ።

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

«አንቺ ልጅ! ለሱ እኮ ነው ያልኩት!» አለ ደንግጦ።

እሱንም መለሰችው።

«እሁድ ጠዋት ምን አለ?» አለች ሰብሳቢዋ።

መልሶ ወደ ወረቀት አበቦቹ ዞረ። ቃለ መሐላ መግባቱን አስታወሰችው። ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛው፣ አፉን ሞልቶ፣ እኔን እንዲያመልጠኝ በፍጥነት ተናገረ። «እህቱ ሞታለች» አለ። ሰባት ሳምንት ሆኗታል።

ለዚያ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። ግን ዞሬ ልጅቷን አየኋት። በገዛ ቋንቋዬ እስኪመጣልኝ ጠበቅሁ።

«አትንገሪው፣ ደም ግፊት አለበት!» አለ ጓደኛዬ።

እሷ መጀመሪያ ይህን ለቦርዱ ተረጎመች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። ተነሥታ እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«አባባ፣ እህትዎ ዐርፈዋል ይላል። ሰባት ሳምንት ሆኗቸዋል። እግዜር ያጽናዎት።» ወደ ሰብሳቢዋ ዞራ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች። ኋላ ስጠይቃት፣ «የመጨረሻዋ ቃል የኔ ነች፤ እሱ አላለም፣ ይመዝገብልኝ አልኳቸው» አለችኝ።

እጀ ትልልቁ ሰውዬ ቀድሞ ተነሣ። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ ከዚያ ሁለቱ ሐኪሞች። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ሁሉም ቆሙ። መርዶዬ በቦርድ ተነገረኝ! እትዬ ብትሰማ ምን ያህል ትስቅ ነበር። እኔ አለቀስኩ ለማለት እንኳ ያሳፍረኛል፤ ዕንባዬን ቀደም ብዬ ጨርሼው ኖሮ ደረቅ ሳል ብቻ ነው የወጣኝ።

ሕጉ ለውሳኔ እስከ ማግስቱ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ሃያ ደቂቃ በቃቸው። የመያዣው ወረቀት ተሰረዘ፤ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ መሄድ ትችላለህ ተባልኩ።

«እሱስ?» አልኩ ጓደኛዬን እያሳየሁ። «በሐሰት የማለውስ?»

ሰብሳቢዋ ወደ እሱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «አዝናለሁ። ይህ ቦርድ በእሱ ላይ ሥልጣን የለውም» አለች።

ሊፍቱ ጋ ሲደርስብኝ ይለምነኝ ጀመር። «ሐኪም ባለበት ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ደም ግፊትህን ዝቅ ያደርጉልኛል፣ ከዚያ እሁድ ይነገርሃል ብዬ። ምን ላድርግ? አንዱ እሁድ ሺፍት አለው፣ አንዱ ሌሊት ሠርቶ ነው የሚገባው። ስንት ጊዜ ኮል አደረግሁላቸው መሰለህ! በመሀል ደግሞ ፋሲካ ገባ።»

«ጣሪያውስ?»

የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነ።

«ሹራቡስ?»

ለፋሲካ ለእትዬ ሹራብ ገዝቼ በመንገደኛ ልኬ ነበር። ሱቅ አብሮኝ የሄደው እሱ ነው። እኔ ቀዩን ሳነሣ፣ «ተው፣ ቡናማው ይሻላታል፣ ለእርጅናዋም ይስማማታል» ብሎ የመረጠላት እሱ ነው። ያን ቀን እሷ ከተቀበረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር።

«ማን ለበሰው?» አልኩት።

ሊፍቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ሁለታችንም አልገባንም። «በታክሲ ላድርስህ» አለኝ በመጨረሻ። በእግሬ ደረጃውን ወረድኩ።

ከመውረዴ በፊት ግን በአበባ መሥሪያዋ ክፍል በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ሱፍ የለበሰው ዳኛዬ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በበሩ መስተዋት አየኝና ጣቱን አንሥቶ ሰዓቱን መታ መታ አደረገ። ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ራሴን ነቀነቅሁለት። እሺ፣ እመጣለሁ ማለቴ ነው። በስምንት ሰዓት እኔ ኢስት ዮርክ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ፍራሼ ላይ ነበርኩ፤ በዚህ ጊዜ ለቅሶዬ ሞልቷል። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ግሮሰሪው በሙሉ ሳህን ይዞ መጥቷል።

እሁድ ጠዋት ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች! አንደኛው ሺፍቱን አስቀይሮ ነው የመጣው፤ እንዴት ላሳፍረው? እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ በሥርዓቱ አረዱኝ። ያን ጊዜ ነው የማልቆጣጠረው ልቅሶ የመጣልኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ኋላ ሽማግሌ አስታርቆናል። በየለቅሶው እንገናኛለን፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ጨው አቀብለኝ እንባባላለን። ግን በወሩ ቤት ቀየርኩ። ዛሬም ድረስ አንድ ነገር ሲያወራ «የካርቱሙ...» ብሎ ሲጀምር ተነሥቼ ውሃ ልጠጣ እላለሁ።

ዳኛዬን ላገኘው ሞክሬያለሁ። በሳምንቱ ወደ ዎርዱ ደወልኩ። ስለ በሽተኛ ለውጭ ሰው አንናገርም አሉኝ፤ ሕግ ነው፣ ልክ ናቸው። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር፤ እኔ ስለ ራሴ ብቻ ሳወራ ቆይቼ። በስምንት ሰዓት ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ለቀቁት ወይ አለቀቁት፣ ማንስ እንደከዳው አላውቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ የመስማት ዕዳ አለብኝ፣ ሰዓት ሳላይ። እስከዚያው፣ መንገድ ላይ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ በገጠመኝ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ፤ አንዳንዱ ዘመድ ነው ብሎ ይመልስልኛል።